ስልኬ ያላወቀው ጣት

በሕይወቴ በፍሬም የሰቀልኩት ወረቀት አንድ ብቻ ነው። ዲግሪዬ እንዳይመስላችሁ። ዲግሪዬ ቁም ሳጥን ላይ ካለ ሻንጣ ውስጥ፣ ከእናቴ አሮጌ ሻሽ ጋር ተጠቅልሎ ተኝቷል። የሰቀልኩት አንድ ሕንዳዊ መምህር በኢንተርኔት ያስተማረኝን የስድስት ሳምንት ትምህርት ምስክር ወረቀት ነው። “የስልክ አፕ ገጽን ለተጠቃሚ ምቹ አድርጎ የመሥራት ጥበብ” ይላል። “ጥበብ” የሚለውን ስተረጉመው እኔ ነኝ የጨመርኩት።

የጦርነቱ ወሬ ዳግመኛ ከቆቦ በኩል የመጣ ዕለት ወልድያ በአንድ ጠዋት ጓዟን ሸከፈች። ሰው በጥድፊያ ሲወጣ የሚያነሳው ዕቃ ልቡን ያሳያል ይባላል፤ ልቡን እንጃ፣ አእምሮውን ግን ያሳያል። ጎረቤቴ የበሯን ቁልፍ በእጇ ጨብጣ ወጣች፤ በሩን ግን ብርግድ አድርጋ ትታው ነበር። አንድ ሰውዬ አውራ ዶሮ ታቅፎ አየሁ። እኔ ላፕቶፔንና ያንን ፍሬም አነሳሁ። ጋቢዬን ረሳሁ። በክረምት ጋቢ ትቼ መስታወት የተገጠመለት ወረቀት ታቅፌ መርሳ ገባሁ። መርሳ ሞቃት ባትሆን ኖሮ ይህን ወግ የሚያወጋችሁ ሌላ ሰው ነበር።

ያረፍነው አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ነው። ሲዘንብ ክፍል ውስጥ እንገባለን፣ ሲያባራ ማንጎ ዛፍ ሥር እንወጣለን። ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ሰው ይፈልጋል። አንዱ በአይሱዙ ወጥቷል፣ አንዱ በባጃጅ፣ አንዱ በእግሩ፤ እናት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው። ኔትወርክ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ይኼኔ እኔ ደረቴን ነፋሁ። ባለፈው ጊዜ የደረሰብንን ስላየሁ፣ የተጠፋፉ ሰዎችን የሚያገናኝ አፕ ሠርቼ ጨርሼ ነበርና። ስሙ “አገናኝ” ነው። ያለ ኔትወርክም ይሠራል። እኔ መርሳ ያለውን ሰው እመዘግባለሁ። የኮሌጅ ባልደረባዬ ታደሰ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ከመርሳ ወዲያ ያለችው ውርጌሳ ከተማ ያረፈውን ይመዘግባል። መዝገቡን በሜሞሪ ካርድ ገልብጠን ሰይድ ለሚባል የሚኒባስ ሹፌር እንሰጠዋለን፤ እሱ ደረት ኪሱ ከትቶ ያመላልሰዋል። ትልልቆቹ የዓለም ኩባንያዎች መረጃቸውን የሚልኩት በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው አሉ። የእኛ በሰይድ ሸሚዝ ይሄድ ነበር።

ስለ አፑ ውበት ሳልናገር አላልፍም። ሕንዳዊው መምህሬ “ተጠቃሚህን እወቅ” ብሎን ነበር። የምታውቀው ተጠቃሚ ከሌለህ ደግሞ ፍጠር፤ ስም አውጣለት፣ ዕድሜ ስጠው፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈህ እያየኸው ሥራ። እኔም ሔለንን ፈጠርኩ። ሔለን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ባንክ ትሠራለች፤ ማኪያቶ ትወዳለች፤ ጊዜ የላትም። ቁልፍ ባስቀመጥኩ ቁጥር “ሔለን ትወደው ይሆን?” እያልኩ ወራት ፈጀሁ። ፊደሉን ቀጭን አደረግኩላት። ቀለሙን ፈዛዛ ግራጫ አደረግኩላት። ንባብ እንዳይሰለቻት ቃላቱን አውጥቼ በየቦታቸው ትንንሽ ሥዕል ከተትኩላት። ሔለን ብትመጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ነበር። ሔለን ግን መርሳ አልመጣችም።

የመጡት አባባ ካሳ ናቸው። አባባ ካሳ ከጉባ ላፍቶ ደጋ የወረዱ ገበሬ ሲሆኑ፣ ወንድማቸውን ይፈልጉ ነበር። ስልኬን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከታች ያለችውን የቤት ሥዕል አተኩረው አዩዋት።

“ይኼ ቤት ነው?”

“አዎ አባባ።”

ነኩት። የመጀመሪያው ገጽ መጣ። እንደገና ነኩት። ያው ገጽ።

“የኔ ቤት ቆርቆሮው አዲስ ነው” አሉ ቀስ ብለው። “ቆሞ እንደሁ ልየው ብዬ ነበር።”

“አባባ፣ እሱ ቤት አያሳይም። ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ምልክት ነው።”

ስልኩን መለሱልኝ። “ወደ መጀመሪያው የሚመልስማ ቢሆን እኛስ ምን ቸገረን” አሉና ወደ ማንጎው ጥላ ሄዱ። እንግዲህ ስድስት ሳምንት ከተማርኩ በኋላ የመጀመሪያ ፈተናዬን እንዲህ ወደቅሁ።

ሁለተኛው የዕድሜ ነገር ነው። የትውልድ ቀን የሚሞላበት፣ ጣት ሲነካው የሚሽከረከር የቁጥር መደዳ ሠርቼ ነበር። ካላሽከረከሩት የዛሬን ቀን ይይዛል። የግቢው ሰው ደግሞ የተወለደው በአንበጣው ዓመት ነው፤ ወይ ደግሞ እናቱ ጤፍ ስታርም ነው፤ ስለዚህ አንዴ ዳብሶት ያልፋል። መዝገቡን ብከፍተው ሽማግሌው ሁሉ ዛሬ ጠዋት ተወልዷል። አባባ ካሳ የሦስት ሰዓት ጨቅላ ሆነዋል። መዝገቡን ያየ አንድ ደግ ሰው ደንግጦ አንድ መኪና ሙሉ የሕፃን ዳይፐር ላከልን። አልተጣለም፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ ወተፍንበት፣ እኔም ለአንድ ቀን እንደ ብልህ ታየሁ።

ሦስተኛው ግን አዋረደኝ። “ፈልግ” ለሚለው ያስቀመጥኩት ሥዕል አጉሊ መነጽር ነው፤ ክብ መስታወት፣ ከሥሩ እጀታ። ግቢው በሙሉ ያየው ጭልፋ ነው። ለተፈናቃይ ደግሞ ጭልፋ ቀልድ አይደለም። “መምህሩ ስልክ ላይ ጭልፋ አለ፣ የነካው ምሳ ይመዘገብለታል” የሚል ወሬ ከማንጎው ሥር ተነሥቶ አጥሩ ጋ ሲደርስ “የሥጋ ወጥ ነው” ሆኖ ነበር። ጠዋት ከክፍል ስወጣ ሳህን የያዘ ሰልፍ እስከ መንገዱ ደርሶ አገኘሁት። ምግብ እንደሌለኝ፣ ያለኝ አፕ ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ወንበር ላይ ወጣሁ። ሰልፉ መሐል የነበሩ፣ ሳህን ያልያዙ አንዲት እናት ቀርበው ቁልቁል አወረዱኝ።

“ልጄ፣ ድስት ሳይጣድ ጭልፋ አይወጣም” አሉኝ። “ምን ልታደርግበት ነው ያወጣኸው?”

“ሰው ለመፈለግ ነው እማማ።”

ፊታቸው ተለወጠ። “እንዲያ ነው እንዴ? እኔም ሰው ጠፍቶኛል።”

እማማ ፋጡማን የተዋወቅኋቸው እንዲህ ነው። ወልድያ ገበያ ዕድሜ ልካቸውን በርበሬ የነገዱ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ እናት ናቸው። የጠፋቻቸው ምራታቸው ናት። ልጃቸው የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ በአፋር መንገድ ላይ ስለነበር ስልኩ አይሠራም። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ወጡ። አይሱዙው ላይ እሳቸውን አንስተው ሲጭኗቸው፣ ምራታቸው ሆዷ ከብዷት መውጣት አቃታት፤ መኪናው ተነሣ። ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ናት። “እጇን ይዤ ነበር፤ ለቀቅኋት” አሉኝ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ጠዋት አንድም ቃል አልጨመሩም።

ስልኩን ሰጠኋቸው። ጣታቸው ዘመኑን ሙሉ በርበሬ ሲያሽ፣ ድንጋይ ላይ ሲደቁስ የኖረ ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስክሪኑን ነኩት፣ ምንም የለም። ጫን አሉት፣ ምንም የለም።

“ይኼ ዕቃ እኔን አላወቀኝም” አሉ። አልተቀየሙም፤ የማያውቃቸውን እንግዳ እንደሚያልፉ አለፉት እንጂ። እኔው ሞላሁላቸው።

“ስሟ ማነው?”

“ጌጤ።”

ጭልፋዬን ነካሁት። መልሱ በቀይ ቀጭን ፊደል መጣ።

“ምን ይላል?”

“አልተገኘም ይላል።”

ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። “ይኼን ቃል ማን ከተተው?”

“እኔ ነኝ።”

“አውጣው ልጄ። ‘አልተገኘም’ የሚባለው ወንዝ የወሰደው ሰው ነው። ‘ገና ነው’ በል።”

ያን ቀን አንድ ቃል ቀየርኩ። ስልኩ “ገና ነው፣ እየፈለግን ነው” ማለት ጀመረ። ሰዉ ከጠረጴዛዬ ሲነሣ አንገቱን ደፍቶ መሄድ ትቶ “ነገ እመለሳለሁ” እያለ መሄዱን ሳይ፣ ይህን በየትኛው ሳምንት ነበር መማር የነበረብኝ ብዬ አሰብኩ።

እማማ ፋጡማ ከዚያ ወዲያ ከጎኔ አልተነሡም። ፍሬሜን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ በመስታወቱ ላይ ምስር እየለቀሙ፣ ሥራዬን ያዩታል። ጥበቤ ላይ ምስር ሲለቀም ዝም ማለቴ ለእኔ ትልቅ እድገት ነው። አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ከተደናበረ ቀና ብለው “ልጄ፣ ፊደልህ ከስቷል፣ አብላው” ይሉኛል፤ አወፍረዋለሁ። “ይኼ አመድ የመሰለ ቀለም ፀሐይ ላይ አይታይም” ይሉኛል፤ አጠቁረዋለሁ። ጭልፋው ቀርቶ “ሰው ልፈልግ” የሚል ጽሑፍ ገባ፤ ቤቱ ወጥቶ “ተመለስ” ገባ፤ የዕድሜው መደዳ ጠፍቶ “ሕፃን፣ ጎልማሳ፣ ሽማግሌ” ሆነ። ሥራዬን እንዲህ ሲፈርስ ሳይ አንድ ጊዜ አማረርኩ።

“ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ” አሉኝ፤ የበርበሬ ነጋዴ ሲለው ተረቱም ይከብዳል።

ጌጤ ግን ገና ነች። ሰይድ ሜሞሪውን ባመጣ ቁጥር “ጌጤ” ብዬ እጽፋለሁ፣ “ገና ነው” ይላል። አንድ ቀን እማማ ፋጡማ ምስሩን ወደ ጎን አደረጉ።

“እስቲ ልጠይቅህ። እሷስ አትፈልገኝም? እዚያ ጓደኛህ ዘንድ ብትሄድ ምን ብላ ነው የምትጠይቀው?”

“ስምዎን ነዋ። ፋጡማ ሙሄ ብላ።”

መርሳ ከገባን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። “ጌጤ የኔን ስም? አፏን ምን ነክቶት። ስምንት ዓመት አብራኝ ስትኖር አንድ ቀን አልጠራችውም። የአማት ስም ይጠራል እንዴ? እሜቴ ነው የምትለኝ።”

ስልኬን አነሳሁ። አፑ ያላገኘውን ፍለጋ ሁሉ ለራሱ የሚጽፍበት፣ ማንም የማያየው ዝርዝር አለው። ከውርጌሳ የመጣውን ከፈትኩት፤ ታደሰ ጋ ያለው ገና አሮጌው አፕ ነበር። እሜቴ፣ አልተገኘም። እሜቴ፣ አልተገኘም። እትዬ፣ አልተገኘም። ወንድምጋሼ፣ አልተገኘም። እሜቴ። ብዙ ሰው በየቀኑ እየመጣ በሚያውቀው ስም ተጣርቶ፣ የእኔ አፕ በቀጭን ፊደል እየመለሰው ኖሯል። ሰዎች በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ሆነው ሲጠራሩ መሐል ላይ ቆሜ “የለም” ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። በጣም አፈርኩ።

“እማማ፣ ጌጤ መታወቂያዋ ላይ ማን ነው የምትባል?”

“መታወቂያዋ ላይማ ሰዓዳ ናት።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“መች ጠየቅኸኝ? ስሟን ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ። ጌጤ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ቤቴ የገባች ዕለት። ሰዓዳ እናት አባቷ ያወጡላት ነው። ሌላ ሰው ምን ይላታል ብትለኝ እነግርህ ነበር። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል።”

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በእኛ አገር ግን ከመልአኩ በኋላ አማት ታወጣለች፣ አያት ታወጣለች፣ ጎረቤትም ይጨምርበታል። እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ የገዛ አክስቴ ሦስት ስም አላት። ይህን ሁሉ እያወቅሁ “ስም” ብዬ አንድ ጠባብ ሳጥን የሠራሁት ሔለን ሔለን ብቻ ስለምትባል ነው።

ለማንኛውም ሰዓዳ ብዬ ፈለግሁ። ወሎ ውስጥ ሰዓዳ ብሎ መፈለግ መርሳ ባለችበት ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ማንጎ ብሎ እንደመፈለግ ነው፤ ስክሪኑ ሞላ። የአባቷን ስም ስጠይቅ ሰው ሁሉ የሚጠራቸው በቅጽል ስማቸው ነው ተባልኩ። ስለዚህ አፑን ከሥሩ ማፍረስ ግድ ሆነ። ጄኔሬተር ያለው አንድ ፀጉር ቤት ለምኜ ጥግ ያዝኩ፣ እማማ ፋጡማም የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው አሠሩኝ። በስም ፋንታ ሁለት ጥያቄ አስገባን፦ እርስዎ ምን ብለው ይጠሯቸዋል? እሳቸውስ እርስዎን ምን ብለው ይጠሩዎታል? እሜቴ የምትል ምራት ብዙ ናት፣ ጌጤ የምትባልም አትጠፋም፤ ጌጤና እሜቴ ተጣምረው ግን ከአንድ ቤት በቀር ላይገኙ ይችላሉ። የሁለቱን ጥሪ የሚያዛምደውን ክፍል ስጽፍ በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

“ማንበብ የማይችለውስ?” አሉኝ።

እሱም እውነት ነው። ጥያቄዎቹን በድምፅ እንቅዳ ተባባልን፤ ድምፁ የእሳቸው እንዲሆን ወሰንኩ። ስልኩን አፋቸው ጋ አስጠጋሁ።

“አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ከረማችሁ ልጆቼ? ደኅና ናችሁ ወይ? ልጆቹ ደኅና? ሕመምተኛው ተሻለው? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? ከብቱስ…”

አቆምኩት። “እማማ፣ በቀጥታ ወደ ጥያቄው ይግቡ። ተጠቃሚ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይታገሥም፤ መምህሬ ብሏል።”

“መምህርህ ሰው ቤት ሲገባ ሰላም አይልም?”

“ይላል፣ ግን…”

“አገሩን ለቆ የወጣን ሰው፣ ጤናውን ሳልጠይቅ ማን ጠፋህ ልለው ነው? ወላሂ አላደርገውም።”

ተከራከርን። ፀጉር አስተካካዩም፣ ግማሽ ራሱን የተላጨው ደንበኛም ከእሳቸው ጋር ወገኑ። በመጨረሻ እማማ ፋጡማ ትልቅ ነገር እንደለቀቀ ሰው ተነፈሱና “በል፣ ከብቱን ተውኩልህ” አሉ። ሰላምታው ከብቱ ተቀንሶም ረጅም ነበር። ለሕንዳዊው መምህሬ በልቤ ይቅርታ ጠይቄ አዲሱን አፕ በሜሞሪ ገልብጬ ለሰይድ ሰጠሁት።

ሰይድ በዚያው ቀን አልተመለሰም። በማግስቱም አልተመለሰም። መንገዱ ተዘግቷል የሚል ወሬ መጣ፤ ደግሞ አልተዘጋም ተባለ። እማማ ፋጡማ ተለቅሞ ያለቀውን ምስር እንደገና ሲለቅሙ አየኋቸው። “እጇን ለቀቅኋት” ያሉት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። “አብሽሩ እማማ፣ አይዞዎት” አልኳቸው። “አብሽሬያለሁ” አሉኝ፣ ድምፃቸው ግን አላበሸረም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሚኒባሱ ግቢው በር ላይ ቆመ። ሮጬ ሄድኩ።

“ሜሞሪው የታለ?”

ሰይድ ደረት ኪሱን ዳበሰ። “ውይ፣ ረሳሁት” አለኝ። “ጓደኛህ ስልክ ላይ ቀረ።” ንዴቴን ሳልጀምር የፊቱን በር ከፈተው። አንዲት ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች።

እንደ ሰይድ አነጋገር ነገሩ እንዲህ ነው። ታደሰ አዲሱን አፕ ውርጌሳ ላይ ገና ሲከፍተው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎት ኖሮ፣ “አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ከረማችሁ ልጆቼ” የሚለው ግቢውን ሞላው። ታደሰ ደንግጦ ሊዘጋው ሲል፣ ሰላምታው አላልቅ ብሎ “ሕመምተኛው ተሻለው?” ላይ ሲደርስ፣ ከወዲያኛው ጥግ አንዲት ሴት ተነሥታ “አቤት እሜቴ” አለች። ስልኩን ከእጁ ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰላምታውን አንድ በአንድ መለሰች። ደኅና ነኝ፣ ልጁም ደኅና ነው፣ ዝናቡም አልከፋን። ሰይድ ከዚያ ወዲያ ያገደው ቢኖር መንገዱ ብቻ ነው።

የኮራሁበት ማዛመጃ ለጌጤ አንዲት ጊዜ እንኳ አልሠራም። ያገኛት እኔ ቁረጡት ያልኩት ሰላምታ ነው።

እማማ ፋጡማ ሲያዩዋት አልሮጡም። ምስሩን ከመስታወቱ ላይ ወደ ሰፌዱ መለሱ፣ ፍሬሙን ለእኔ ሰጡኝ፣ ተነሡ። “ጌጤ” አሉ። “አቤት እሜቴ” አለች። እጇን ያዙ። እንዲያው ያዙ፣ አልለቀቁትም። አባባ ካሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔ አለቀስኩ፤ ይህን የምደብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

አፑ ግን መቼም የእኔ ሥራ ነውና አሳፈረኝ። ተገናኝተዋል ብዬ ስሞላ በትልቁ ብቅ አለ፦ “መዝገቡ ይሰረዝ?”

“ምን አለ?” አሉ እማማ ፋጡማ፣ በአንድ እጃቸው ጌጤን እንደያዙ።

“ስለተገኘች… ይሰረዝ ወይ ነው የሚለው።”

“ስትጠፋ ገና ናት ያልናትን፣ ብትገኝ ልንሰርዛት?”

እዚያው ቁጭ ብዬ ቀየርኩት። በቦታው ስክሪኑን የሚሞላ አንድ ሰፊ ቁልፍ አደረግኩ። ምን ብዬ ልጻፍበት አልኩ፤ “አልሐምዱሊላህ በል” አሉኝ፤ ወዲያው አባባ ካሳን አዩና “ተመስገንም ጨምርበት፣ ቁልፉ ሰፊ ነው” አሉ። ሁለቱንም ጻፍኩ። ከዚያም ላፕቶፔን ከፍቼ ሔለንን ሰረዝኳት። በዚያ ሁሉ ሥራ የሰረዝኩት ሰው እሷን ብቻ ነው።

ስልኩን ለእማማ ፋጡማ ዘረጋሁላቸው። “ይህንን እርስዎ ይጫኑት።”

“እኔን አያውቀኝም ብዬህ የለ።”

“ይሞክሩት።”

ጌጤን ሳይለቁ በግራ እጃቸው ጣት ነኩት። ዝም አለ። ጣታቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው እፍ አሉበት፣ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት፣ እንደገና ነኩት። ዝም አለ። ጌጤ ጣታቸውን በመዳፏ ይዛ ጥቂት አሞቀችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲነኩት ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ።

እማማ ፋጡማ ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ።

“አወቀኝ” አሉ።